ዝም ያለው ይቀድማል

የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ እሳት ቢነሳም አትሮጥም። ለዚህ ነው ባልደረቦቿ «ሲስተር ቀስ» የሚሏት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ በቅጽል ስሟም አትቀየምም። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ካርድ አታነሳም። አግዳሚው ላይ ከበሽተኞቹ ጋር ቁጭ ትልና ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። ካርድ ይሳሳታል፣ ደረት ግን አይዋሽም ትላለች።

ያን ቀን ባዶ የነበረው አልጋ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሹፌር ሲያስመልሰው አድሮ፣ ባልዲ ታቅፎ «ሞትኩ! ያገር ያለህ!» እያለ ክፍሉን ቀውጢ አድርጎታል። አልጋው ለሱ ሊሰጥ ነው። የሷ ጆሮ ግን ሌላ ጋ ነበር። አግዳሚው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ነው፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው።

«አባት፣ አባት» አለች ትከሻቸውን ነካ አድርጋ።

«ኧረ ሲስተር፣ አባዬን አይቀስቅሱት!» አለች ልጃቸው። «ሁለት ቀን ውሃ ውሃ ሲል፣ ሽንት ቤት ሲመላለስ ከርሞ ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደው። ይረፍ ብዬ ተራችንንም ለሰው ለቀቅኩ።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አሸተተች። አፋቸው በጣም የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል።

«የኔ እህት፣ ይሄ እንቅልፍ አይደለም።»

ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ስትለካ ስኳራቸው ከመለኪያው በላይ ሆነ። ደማቸው ውስጥ አሲድ በዝቶ፣ ሳንባቸው እሱን ለማስወጣት እየታገለ እንደሆነ ገባት። ሐኪሙን ጠራች። አልጋው ለሳቸው ሆነ።

ሹፌሩ ጦፈ። «እዚህ ቤት ዝም ያለ ነው እንዴ የሚቀድመው?»

«አዎ ወንድሜ። አንተ ለመጮህ የሚተርፍ ትንፋሽ አለህ» አለች የልብ ምቱንና ግፊቱን እየለካች። «ብዙ ማስመለስም ቀልድ አይደለም፣ የሳቸው ደም አሲድ በዝቶበታል፣ ያንተ ደግሞ የሆድህ አሲድ ወጥቶ እያለቀ ነው። በል፣ ወንበሩ ላይ ጉሉኮስህን ይዘህ ስደበኝ።»

ሊስቅ ሲል እንደገና አስመለሰው።

ለሽማግሌው ፈሳሹም ኢንሱሊኑም ሐኪሙ እንዳዘዘው ገባ። ነርሷ በየሰዓቱ ትለካለች፣ ትንፋሽ ትቆጥራለች። ልጅቷ እግራቸው ስር ቆማ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች።

«ማን ሞተና? እንቅልፍ መስሎሽ ነው፤ ስንቱ ይመስለዋል መሰለሽ።»

ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ረገብ አለ። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ዙሪያውን አዩና «ጫማዬን ማነው ያወለቀብኝ?» ብለው ተቆጡ። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

ሲስተር ቀስ ጫማውን ከአልጋው ስር አውጥታ አሳየቻቸው። «ይኸው አባት፣ አልሸጥነውም።»

እሳቸው እንዳኮረፉ ናቸው። እሷ ግን ኩርፊያቸውን እንደ ምርቃት ተቀበለችው።