እርካብ የዋጠው እግር

በሚሊኒየሙ ዓመት ናይሮቢ ፈረስ ግልቢያ ስማር፣ ከጎጃም ሊጠይቀኝ የመጣው አባቴ አጥሩን ተደግፎ ያየኝ ነበር። አሰልጣኙ «ተረከዝሽን ወደ ታች!» ይለኛል፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ልጓሙን ጨምድጄ ይዣለሁ። ፍርሃቴ የተጋባበት ፈረስ ይቁነጠነጣል።

ድንገት አባቴ ገብቶ ልጓሙን ያዘ። ጉግስ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። አሁን ግን ፈርቶ ወደ እግሬ ይጠቁማል። ለካ እግሬ እርካቡ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቷል። በእሱ አገር እርካብ የሚረገጠው በአውራ ጣት ብቻ ነው።

«ብትወድቂ እኮ እየጎተተ ይጨርስሽ ነበር!»

«አባዬ፣ የምማረው ላለመውደቅ ነው!» አልኩት በንዴት።

«አወዳደቁን ሳታውቂ ማን ውጪ አለሽ?»

አሰልጣኙ እግሬን አየና ከእርካቡ ወደ ኋላ ሳበው። ዛሬም ፈረስ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው።