ምስጢር ጠባቂዋ ኦርኔላ

ኦርኔላ ፓላዲኖ የምትሠራው ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ ከፎቶ ኮፒው ክፍል ጎን ነው። በሩ ላይ «የተማሪዎች ምክርና ድጋፍ» የሚል ተለጥፏል፤ ፎቅ ላይ ያሉት መምህራን ግን «ልቅሶ ቤት» ነው የሚሉት። ቡና ስትጠጣ ካገኟት «እህሳ ኦርኔላ፣ ዛሬስ ስንቱን አስለቀስሽ?» ይሏታል። «የእናንተን ፈተና ያየ ሁሉ እኔ ዘንድ ሳይደርስ አልቅሶ ይጨርሳል» ብላ ትመልስና ስኒዋን አስቀምጣ ትወርዳለች። በፍልስፍና በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች ቀን ፀጉር አስተካካዩ አባቷ ሱቁን ዘግቶ ሰፈሩን ወይን አጠጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቋሚ ሥራ የሚባል ነገር አላየችም። ኮንትራቷ በየዓመቱ ይታደሳል፤ እስኪታደስ ድረስ ግን በየዓመቱ እንቅልፍ ታጣለች።

ተማሪዎቹ «ዶቶሬሳ» ይሏታል። እኛ አገር ዲግሪ የያዘች ሁሉ ዶቶሬሳ፣ ዲግሪ የያዘ ሁሉ ዶቶሬ ነው፤ የመንደር እናቶች ልጆቻቸውን ገፍተው እዚህ የሚያደርሱትም ይቺን ማዕረግ ከልጃቸው ስም ፊት ለመስማት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን የሚዋሽ ተማሪ ሞልቷል። ፈተና ይወድቃል፣ ቤት ደውሎ «አለፍኩ» ይላል፤ አንዴ ካለ በኋላ መመለሻ የለውም። ኦርኔላ ለእነዚህ የራሷ ዘዴ አላት፤ እሷ እናት ትሆናለች፣ ልጁ እውነቱን ይነግራታል። እጇን እያወራጨች፣ ደረቷን እየደቃች ትጮህበታለች። ልጁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ ስልኩን ያነሳል። ስንቱ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ እናቱን አናግሮ፣ ቀለል ብሎት ወጥቷል።

ሳቬሪዮ ግን ስልኩን አላነሳም። የሕግ ተማሪ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱን የደፋ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ጣጣው የጀመረው በመጀመሪያው የቃል ፈተና ነው። ፕሮፌሰሩ ከሠላሳ ሃያ ሰጡት። ማለፊያ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ የተሰጠህን ነጥብ «አልቀበልም» ብለህ እንደገና መፈተን ትችላለህ፣ ኩራተኛ የሆነ ሁሉ ይህንኑ ያደርጋል። ሳቬሪዮም ሃያ ይዤ እናቴ ፊት አልቆምም ብሎ አልቀበልም አለ። ተመልሶ ሲቀርብ ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ፈታኝ ፊት በተቀመጠ ቁጥር የሚያውቀው ሁሉ ብን ይልበት ጀመር። ቤት የሚያወራው ውጤት ግን ከዓመት ዓመት እያማረ ሄደ።

«በል፣ እኔ እናትህ አሱንታ ነኝ» አለችው ኦርኔላ አንድ ቀን። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመረቀው? ለምረቃ ድግስህ ምግብ ቤቱን ሰው ሳይቀድመን ልያዝ እንጂ!»

«ዶቶሬሳ፣ እናቴን አያውቋትም። እሷ አትጮህም። ዝም ብላ ነው የምታየኝ።»

«እሺ፣ እኔም ዝም ብዬ አይሃለሁ።»

ዝም ብላ አየችው። ሳቬሪዮ ላብ አጠመቀው፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሳቬሪዮ ቤቱ «እመረቃለሁ» ያለበት ቀን ሊደርስ ሲል አሱንታ ራሷ ኦርኔላ ቢሮ ከተፍ አለች። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ለምረቃ የሚታደለውን ቀይ ስኳር የተለበጠ ለውዝ በሳህን ይዛለች።

«ዶቶሬሳ ኦርኔላ እርስዎ ነዎት? የሳቬሪዮ እናት ነኝ። ልጄ እርስዎን ከአፉ አይነጥልም! ‹እማማ፣ ሂጂና አመስግኚያት፣ ስለ ትምህርቴም ጠይቂያት፣ እሷ ሁሉንም ታውቃለች› ብሎ ነው የላከኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ልጄ እንዴት ነው?»

ኦርኔላ ክው አለች። ለአካለ መጠን የደረሰ ተማሪን ጉዳይ ለወላጅ መንገር ክልክል ነው፤ ከዚህ በፊት አንድ ባልደረባዋ ለአንድ አባት ተናግሮ ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀርቷል። ለልጁ አስባ ነው ዝም ያለችው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ እንጃ። አዎ፣ ለእሱም አስባለች። ኮንትራቷም ትዝ ብሏታል።

«ጥሩ ልጅ ነው» አለች። «ሌላውን ከራሱ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።»

«አይ እናንተ የተማራችሁ! የምሥራቹን እሱ ይንገረኝ ብላችሁ ነዋ!» አለች አሱንታ። ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ደስ ብሏት ሄደች።

ኦርኔላ ወዲያው ሳቬሪዮ ጋ ደወለች። «እናትህ እዚህ ነበረች። ዛሬውኑ ንገራት!»

«ነገሯት እንዴ?»

«እኔማ እንዴት እነግራታለሁ? ምስጢርህን ጠብቄያለሁ።»

«እሺ» አለ ልጁ፤ «አመሰግናለሁ።»

ለኦርኔላ ልጁ እፎይ ያለ መሰላት።

የምረቃው ዕለት የሳቬሪዮ ዘመድ አዝማድ ሚኒባስ ተከራይቶ መጣ። አክስቶቹ ተኳኩለዋል፣ አባቱ ክራባት አስሯል፣ አሱንታ በተመራቂው ራስ ላይ የሚደፋውን የቅጠል አክሊል ይዛለች። ሳቬሪዮ አዲስ ሱፉን ለብሶ በመካከላቸው ቆመ። ስም እየተጠራ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። የሳቬሪዮ ስም ሳይጠራ ጥሪው ሲያልቅ ዘወር ብለው ቢያዩ ልጁ የለም።

አሱንታ የሰዉን መሀል ሰንጥቃ ኦርኔላ ፊት መጥታ ቆመች።

«ያውቁ ነበር?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

«ዓይኔን እያየሽ! ስጦታዬን ተቀብለሽ፣ ስስምሽ ዝም ብለሽ!»

«ወይዘሮ አሱንታ፣ ሕጉ ነው...»

«ሕጉ ልጅ ወልዶ ያውቃል?»

ኦርኔላ ያ ሁሉ ዘመድ እያያት አንገቷን ደፍታ ወደ ምድር ቤቷ ወረደች።

ሳቬሪዮ በሰሜን አገር፣ በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲጭን ተገኘ። ቤቱ አይደውልም፤ ሲደውሉለትም አያነሳም። አሱንታ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች ይባላል፤ ሰው «ዶቶሬው እንዴት ነው?» እንዳይላት ነው። እንዲህ እያለ የሚያሾፍ አይጠፋምና አልፈርድባትም። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኃላፊው በስብሰባ መሀል ኦርኔላን አስነስቶ፣ «በወላጅ ተለምና እንኳ ምስጢር ያላወጣች» ብሎ አስጨበጨበላት። ኮንትራቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሦስት ዓመት ታደሰላት። እነዚያው «ልቅሶ ቤት» የሚሉት መምህራን እንኳን ደስ ያለሽ አሏት።

እሷ ግን በክረምቱ ዕረፍት ባቡር ተሳፍራ ሳቬሪዮን ፍለጋ ወጣች። መጋዘኑ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ውስጥ፣ በምሳ ሰዓቱ አገኘችው። ከስቷል፤ ሸሚዙ አልተተኮሰም።

«ያን ቀን እሺ ብለኸኝ ነበር» አለችው። «ለምን አልነገርካትም?»

«እናቴን እርስዎ ዘንድ የላክኋት ለምን ይመስልዎታል? ለውዝ እንድታደርስ?»

ኦርኔላ ያነሳችውን ስኒ መልሳ አስቀመጠች።

«ሂጂና ጠይቂያት አልኳት» አለ ሳቬሪዮ። «ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅልኝ ሰው አልነበረም። ስትመለስ ሁሉንም ሰምታ አገኛታለሁ ብዬ ጣቢያው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው የደወሉልኝ። እሷ እየሳቀች ከባቡር ወረደች።»

«ምነው ታዲያ ንገሪልኝ ብትለኝ! አንዲት ቃል ብትለኝ ኖሮ...»

«ማለት ብችልማ ለእናቴ እላት ነበር» አለና ጓንቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።