የግማሽ ቀን ሐኪምና የአስር አለቃው ተራ

በጡረተኛ ወታደሮች ክሊኒክ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራው ሐኪም እንደ ሰው ሁሉ ስም አላት፤ የሚጠራት ግን የለም። በሽተኞቿ «ግማሽ ቀን» ይሏታል። በሳምንት አራት ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ትሠራለች፤ ስድስት ሲል ጋወኗን መስቀያው ላይ ጥላ ትሮጣለች። የምትሮጠው ለሽርሽር አይደለም። ግማሽ ጎኗ የማይንቀሳቀስ እናት ቤት አለቻት፤ ጠዋት ታናሽ እህቷ ታገላብጣታለች፣ ከሰዓት እሷ። ለዚሁ ብላ በትልቁ ሆስፒታል የነበራትን የሃያ ዓመት ወንበር ለቃለች። ግማሽ ቀን ብቻ የሚያሠራት ቦታ ፍለጋ ያልረገጠችው ደጅ የለም። እሺ ያላት ይህ ክሊኒክ ብቻ ነው፤ እሱም በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውል።

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ «ለጀግኖቻችን ፈጣን አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሰሌዳው ግን በየዓመቱ ይቀባል። ጀግኖቹ ከሥሩ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ፈጣኑን አገልግሎት በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ድንገተኛ ክፍሉ ለምሳ ይዘጋል። ልቡ ቀጥ ሊል የፈለገ ጀግና ወይ ቀደም ይበል፣ ወይ ጀግኖችን የሚያገለግሉት በልተው እስኪመለሱ ይታገሥ ማለት ነው።

ድሮ በሩ ላይ አንዲት ነርስ ትቀመጥ ነበር። የገባውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ታየውና «አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ፣ አንተ ደግሞ ምንም አልሆንክም፣ ሚስትህ ጋ ታረቅ» ትል ነበር። እሷ ጡረታ ስትወጣ በምትኳ ቁጥር የምትተፋ ማሽን ተተከለች። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆረጠ፣ ንግግር አደረገ፣ ፎቶ ተነሣ። ማሽኗ ማን ቀድሞ እንደመጣ ከነሰዓቱ ትጽፋለች። ማን ቀድሞ እንደሚሞት ግን አታውቅም፤ ያንን የምታውቀው ጡረታ የወጣችው ናት።

ሽማግሌዎቹ ማሽኗን በሁለት ሳምንት ማረኳት። ሻለቃ ከኋላ መጥቶ ቁጥሩ ሃያ ቢሆን፣ ቁጥር ስምንት የያዘ አስር አለቃ ይነሣና «ይለፉ ጌታዬ» ብሎ ወረቀቱን ይለውጣል። ያዘዘው የለም። ጦርነቱ ካለቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ የደንብ ልብሱን ብል ጨርሶታል፣ ያዘመታቸው መንግሥት እንኳ ከነጋሪቱ ሄዷል፤ ማዕረጉ ግን በዚያች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሙሉ ትጥቁን እንደያዘ ነው። ሐኪሟ አንድ ቀን ልትከለክላቸው ሞክራ ነበር። አንድ እግሩን ጦር ሜዳ የተወ ተራ ወታደር ክራንቹን ተደግፎ ተነሣባት።

«ዶክተር፣ እግሬን ወስደዋል። ሰላምታዬን ደግሞ አንቺ ልትወስጂ ነው?»

ዝም አለች። ያን ቀን ዝም ማለቷን እንደ አክብሮት ቆጠረችው። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን ሲሰማ በሪፖርቱ ላይ «ተገልጋዮች ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ተዘርግቷል» ብሎ ጻፈ።

አስር አለቃው የመጣው ማክሰኞ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የውኃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ጥይት በጎኑ እያፏጨ ለጦሩ ውኃ ያመላለሰ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ፣ አጭር ሽማግሌ። ሐኪሟ ባወቀችው ስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ ሕመም አንድ ጊዜ እንኳ በቁም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጉልበቱ ሲያብጥ «ጎማዬ ተነፈሰ»፣ ዓይኑ ሲጨልም «መብራቴን አቃጠልኩ» ይላል። ሐኪሟ ሦስት ከሩብ ላይ በሽተኛ ለመጥራት ብቅ ስትል ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«አስር አለቃ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ራዲያተሬ ሞቀ። ቃር ቢጤ ነው።»

«ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ። አሁን ዘጠኝ ላይ ነሽ። አትንቀዥቀዢ፣ እደርሳለሁ።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ደረቱን የያዘ የሰባ ዓመት ሰው ከማንም በፊት መግባት እንዳለበት ታውቃለች፤ ለተማሪዎች ስታስተምር ኖራለች። ግን ሰውየው እየቀለደ ነበር፣ ወረፋው እስከ ደጅ ደርሷል፣ አሥራ አንድም ሩቅ አልነበረም። ቁጥር ዘጠኝን ይዛ ገባች።

አሥራ አንድ ስትል የገባው ሻለቃው ነው። ሸንቀጥ ያለ፣ ከነከራቫቱ የሚመጣ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ሰልፍ የሚመለከት የሚመስል ሰው።

«ሳል ነው ዶክተር። ሳምንት ሆነው። ያ ሽሮፕ ተስማምቶኝ ነበር።»

«ይህ ቁጥር የአስር አለቃው አልነበረም?»

«ሰጠኝ። አይቸኩልም። ጨዋ ልጅ ነው።»

የሰባ ዓመቱ ጨዋ ልጅ ውጭ ነበር። ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሥታ በሩን መክፈት ትችል ነበር፤ ስድስት እርምጃ ነው። ግን ሳል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት ደቂቃ ማለት ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት ማለት ነው፤ እህቷ ሳትደውል፣ እናቷ በርጥብ አንሶላ ላይ ሳትቆይ። ያን ያሰበችው በልቧ ጥግ፣ ራሷም በደንብ ሳትሰማው ነው። የሻለቃውን ደረት አዳመጠች። ንጹሕ ነበር። ሽሮፑን ጻፈችለት።

አስር አለቃው የሻለቃውን አሥራ ሰባት ይዞ ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ሲጠራ ጀርባው የቆረጠመው ሻምበል ገባ፤ አስር አለቃው የሻምበሉን ሃያ ሁለት ያዘ። አምስት ከሃያ ላይ አንድ መቶ አለቃ የግፊት ክኒኑ አልቆበት መጣና ከማሽኗ ሃያ ስድስትን ቆረጠ። አስር አለቃው ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። አጠገቡ የነበሩት በኋላ እንደተናገሩት፣ ሲነሣ ወንበሩን ይዞ ነበር፤ ግንባሩ ረጥቧል። «ቁጭ በል፣ እኔ ልስጠው» ያለውም ነበር። «አንተ ገና ምልምል ነህ» ብሎ መለሰለት። ሳቁ።

«ቁጥር ሃያ ስድስት!»

የገባ የለም። ደግማ ጠራች።

«ተኝቷል፣ አይቀስቅሱት» አለ መድኃኒቱን እየጠበቀ የተቀመጠው ሻምበል ከውጭ። «ሌላ ሰው ይግባ።»

ሐኪሟ ወጣች። ለስድስት አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀረው ነበር። አስር አለቃው አልተኛም። ዓይኑ በግማሽ ተከፍቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ከአገጩ ላብ ይንጠባጠባል። ጫማዋን ሲያይ ቀና አለ።

«ደረሰ?» አለና ሊነሣ ሞከረ።

ተሸክመው አስገቡት። ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ ለጠፈች፤ የልብ ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ለማንበብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ልቡ ከማለዳ ጀምሮ ታንቆ ነበር። አስፕሪን አስኘከችው፣ ኦክስጅን አደረገችለት፣ አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። የተዘጋ የልብ ቧንቧ የሚከፍተው ሆስፒታል ከዚያ ሌላ አርባ ደቂቃ ነው። አብራው ገባች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይነዝራል።

«ግማሽ ቀንሽ አልቋል እኮ» አላት ጭምብሉን በጣቱ ገለል አድርጎ።

«ዛሬ ሙሉ ቀን ነኝ። አይናገሩ፣ ይተንፍሱ።»

«እናትሽስ?»

«ይተንፍሱ አባቴ።»

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ሰንሰለቱን ሲያነሣ ልቡ ቆመ። ሐኪሟ ደረቱን ትጫን ጀመር፤ በአልጋ ሲገፉት እየሮጠች፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ክንዷ እስኪዝል። የሆስፒታሉ ወጣት የልብ ሐኪም ቀስ ብሎ ትከሻዋን ነካት። «ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ቢያመጧቸው» አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የታየውን ነው የተናገረው።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ሰውየው በሽተኛ ነክቶ አያውቅም፤ ምናልባት ይጋባል ብሎ ይሆናል። ፊቱ ግን በርቷል።

«ዶክተር፣ መቼም ሞቱ ያሳዝናል። ግን ወረቀቱን አዩት? ቁጥር ሃያ ስድስት፣ የመድረሻ ሰዓት አምስት ከሃያ፣ የታየበት ሰዓት ለስድስት አሥራ ስምንት ጉዳይ። ሃያ ሁለት ደቂቃ! ይህ እኮ ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ተቀምሮ ይሰፋል።»

«ሰውየው የመጡት ሦስት ሰዓት ነው።»

«ማሽኗ እንደዚያ አትልም።»

«ሦስት ጊዜ ተራቸውን ሰጥተዋል። እኔም አውቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ድምፁ እንደ አጎት ሆነ።

«እርስዎ ያውቃሉ ካልን፣ ለምን አላስገቧቸውም ይመጣል። አጣሪ ይመጣል። ውልዎ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ነው የሚታደሰው። እናትዎን ያስታምማሉ አይደል? ይፈርሙ፣ ይረፉ።»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ልትፈርም ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ስለ እናቷ አልጋ አሰበች፣ ደጅ ስለ ጠናችባቸው ቢሮዎች አሰበች፣ ሟቹ ከእንግዲህ በሦስት ሰዓትም በአምስት ሰዓትም ቢጻፍ ለውጥ የለውም አለች። እስክሪብቶውን እንዳነሣች በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ነበሩ፤ የአስር አለቃው ሚስት። የባላቸውን ኮፍያና መነጽር ሊወስዱ ነው የመጡት። የተሰጣቸውን የሞት ማስረጃ አራት ቦታ አጥፈው በእጃቸው ይዘዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። አትደብቂኝ።»

«ይቀመጡ እናቴ።»

«ማክሰኞ ሁለት ተኩል ላይ ከቤት ወጣ። ደረቴን አመመኝ፣ ክሊኒክ ልሂድ ብሎ። ከቤታችን እዚህ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ ወረቀት አምስት ከሃያ ደረሰ ይላል። ስድስት ዓመት ሆነው መጠጥ ከተወ። ምሎልኝ ነው የተወው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አፉ ይሸት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም። በማን ላይ እቆጣለሁ?»

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ስለሱ አይደለም የማስበው። ስለጠፋችው ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። የት ዋለ? ከማን ጋር ዋለ? እንባዬ እንኳ እምቢ አለኝ፤ ዋሽቶኝ ከሆነ ብዬ።»

«አልዋሸዎትም» አለች ሐኪሟ። «ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ደርሰዋል። ያ ወንበር ላይ ነበሩ።»

«ታዲያ ወረቀቱ?»

«ቁጥራቸውን ሰጡ። ለሻለቃ ሰጡ፣ ለሻምበል ሰጡ፣ ለመቶ አለቃ ሰጡ። የወረቀቱ ሰዓት የመጨረሻው ቁጥር ሰዓት ነው።»

ሴትዮዋ በሩን፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ወንበር አዩ።

«እነሱ ምን ሆነው ነበር?»

«አንዱ ጀርባውን። አንዱ ክኒን አልቆበት። አንዱ... ሳል።»

«ሳል።»

«እኔም አይቻቸዋለሁ። ሦስት ከሩብ ላይ ደረታቸውን ይዘው አይቻቸዋለሁ። ቁጥራቸውን ሌላ ሰው ይዞ ሲገባም አውቄያለሁ። ወጥቼ ላስገባቸው ይገባ ነበር። አላስገባሁም።»

እስክሪብቶውን መልሳ አነሣች። ሥራ አስኪያጁ የሰጣትን ወረቀት ሳበች፣ አምስት ከሃያ የሚለውን ሰረዘች፣ በላዩ ሦስት ሰዓት ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ለሴትዮዋ የነገረቻቸውን ቃል በቃል አሰፈረች። ፈረመች። ውሏ በወሩ መጨረሻ እንደማይታደስ ስትፈርም ታውቅ ነበር፤ አልታደሰምም።

ሴትዮዋ አላመሰገኗትም፤ አልሰደቧትምም። ኮፍያውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው የውስጡን ላብ አየት አደረጉ።

«ጠጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ቢያንስ እየሳቀ በዋለ።»

ተነሡና ወጡ። ሐኪሟ ከኋላቸው እስከ በሩ ተከተለቻቸው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ሻለቃው ከነከራቫቱ ወደ ፊት ራመድ ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ያጽናዎት እመቤቴ። ታማኝ ወታደር ነበር። እንደሱ ያለ...» ሳሉ አቋረጠው፤ መሐረቡን አፉ ላይ ያዘ።

ሴትዮዋ ቆሙ። ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቁት። ከዚያ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አልተሻለዎትም እንዴ?» አሉት።

«በጣም ተሽሎኛል» አለ ሻለቃው። «ሽሮፑ ጥሩ ነው።»

«እንኳን» አሉና ኮፍያውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።