የበርበሬ ነጋዴው እንባ

የአዘዞውን በርበሬ ነጋዴ ከማሉዲንን እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ ሲስቅም ሲያለቅስም ያየው ሰው አልነበረም። ደንበኛ ከተከራከረው የመዘነውን በርበሬ መልሶ ማዳበሪያው ውስጥ ይገለብጠዋል። ሰፈሩ «ድንጋዩ» ይለው ነበር። እሱም ስሙን ወዶታል፤ ድንጋይን ማን ያስቸግራል?

በዚያ ዓመት ጎረቤታችን አያ ሀብተሥላሴ ሞቱ። ከማሉዲን በርበሬ ሲመዝን ውሎ፣ ቀረ ተብሎ እንዳይታማ ብቻ፣ ሱቁን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ድንኳን ገባ። ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ጣቱ ዓይኑን ነካ። ከዚያ በኋላ እንባው ወረደ፤ ባበሰው ቁጥር ደግሞ ባሰበት። የሟች ልጆች እንኳ ለቅሷቸውን አቁመው አዩት።

«እኛ ድንጋይ ስንለው፣ ለካ እንዲህ ያለ አንጀት አለው» አሉ ሴቶቹ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «በርበሬ ነው» ይበል? ሙገሳውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

መከራው ያኔ ጀመረ። ልጅ የታመመበት፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ በሬ የጠፋበት ሁሉ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዘረግፍለት ጀመር። ከማሉዲን ለይምሰል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። በኋላ ግን የሰው በሬ እንቅልፍ ነሳው፤ በማግስቱ ጎረቤት ከተማ ጠዳ ድረስ ሄዶ ሲፈልግ ዋለ። በሬው የተገኘው በባለቤቱ አማት ግቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ውሸቱ ውስጡን ይበላው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ እታገኘሁ በጠና ታማ ሊጠይቃት መጣ። እኔም አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ።

«እትዬ፣ በአያ ሀብተሥላሴ ለቅሶ ያለቀስኩት በርበሬ ዓይኔ ገብቶ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። አጠገብህ ተቀምጬ ያስነጠሰኝ ምን መሰለህ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሸጋ ነው ሲሉህ ሸጋ እየሆንክ አየሁ፤ ለምን ላፍርስብህ?» ወደ እጁ እያየች ቀጠለች። «ለኔ ለቅሶ ስትመጣ ግን እጅህን ታጠብ።»

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ አረፈች። ከማሉዲን ድንኳኑ በር ላይ እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ አሸተተው። ፈርቶ ነበር፤ ዓይኑ ደርቆ ቢቀር ያ ሁሉ ዓመት ውሸት ሊሆንበት ነው። ገብቶ ከፎቶዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ እጆቹንም ጉልበቱ ላይ አደረገ። ብዙ አልቆየም፤ ጉንጩ ራሰ።

አጠገቡ ሄጄ ስቀመጥ መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየኝ። ንጹሕ ነበሩ።