ሳልታመም የተጠየቅሁ ዕለት

ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ በቋንቋችን እንደ ሐኪም የምታክም ነርስ ፕራክቲሽነር አለች ሲባል ሰምቼ፣ ለዓመታዊ የጤና ቼክአፕ ብዬ ስለ እሷ ሁለት ሰው ብቻ ጠየቅሁ። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ደህና ነኝ!» አልኩ። ማን ሊያምነኝ!

ቅዳሜ ከሰዓት የእድራችን ሰዎች ሙዝና ጁስ ይዘው ከች አሉ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ከንፈር መጠጡልኝ። አንዲት እናትማ «ወንድ ልጅ መቼ ሕመሙን ይናገራል!» ብለው ጋቢ ደረቡልኝ።

አብራቸው የመጣች የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ከቦርሳዋ የደም ግፊት መለኪያ አወጣች።

«የምትፈልጋት ነርስ እኔ ነኝ። ታሟል ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

እየሳቅሁ ክንዴን ሰጠኋት። ቁጥሩን አየችና ደግማ ለካች። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ «ሆስፒታል እንውሰደው፤ የማን መኪና ነው ቅርብ የቆመው?» አለች።