ጠረጴዛ ላይ የተፈተነ ፍሬን

የእኔና የልጄ ሚኒባስ ከደብረ ታቦር አንበሳሜ ትሠራለች። ክረምት ላይ ፍሬኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ተበላሸና ፍሬን ሲይዝ ጎማው መዞሩን ትቶ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ልጄ ገደል ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ያን ቀን ቁልፉን ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁት። ፍሬኗን ሳላምን ሰው አይጫንባትም አልሁ።

ሳጥኑን ያበጀችው ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከአንድ ጋራዥ ጥግ ላይ ትሠራለች። ጨርሻለሁ፣ ፈትኜዋለሁም ብላ ጠራችን። ብንሄድ መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር ታስሯል። የት ነድተሽ ፈተንሽው ብላት አልነዳሁትም አለችኝ። ሳጥኑ እውነተኛው ነው፤ መኪናውና መንገዱ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ናቸው አለች። ኮምፒውተሩ ጎማው እንዲህ እየዞረ ነው ይለዋል፤ ሳጥኑም መኪና ላይ ያለ መስሎት በዚያችው ቅጽበት ያዝ፣ ልቀቅ ይላል።

እሱን እንዲህ ካታለለችው እኔንስ ምን ያግዳታል ብዬ አሰብሁ።

በሬ ስገዛ ሻጩን እርፍ አላስይዝም፤ ጠምጄ ራሴ አርሼ አያለሁ። እሷንም ከወንበሩ ተነሽ አልኋት። ልጄን አስቀምጬ መንገዱን ቁልቁለትና ጭቃ አድርገው አልሁት። ከሳጥኑ ጋር የተያያዘውን የፍሬን ፔዳል ረገጥሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ሳትንሸራተት ቆመች። እንደገና አስነድቼ፣ ለማንም ሳልናገር የአንዱን ጎማ ሽቦ ነቀልሁ፤ ሳጥኑ ጉድለቱን አውቆ ቀይ መብራት አበራ። መልሼ ሰክቼ ሌላውን ነቀልሁ፤ እንደገና በራ።

«አባቴ፣ ሳጥኑስ ካንቱ ይልቅ ታጋሽ ነው» አለኝ ልጄ እየሳቀ።

እኔ ግን ጭራሽ ጠረጠርሁ። እንከን የማይወጣለት ነገር አልወድም።

«እሺ፣ ይህ ሙከራ ያልፈተነው ምንድን ነው?» አልኋት።

«የፍሬኑን ሸራ፣ ዘይቱን፣ ቱቦውን። እነሱ እዚህ የሉም ጋሼ። ሳጥኑ ያዝ ቢል ሸራው ካለቀ አይይዝም። ለሱ ዋስ አልሆንም።»

በዕድሜዬ የበሬውን ጉድ ራሱ የነገረኝ ሻጭ አልገጠመኝም። ሳጥኑን ያመንሁት ያኔ ነው።

ልጄ ነገ ገበያ ነው ብሎ ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። እኔ ለጋራዡ መካኒክ ሰጠሁትና ጎማ ሲያወልቅ አናቱ ላይ ቆምሁ። የኋላው ሸራ ሳስቷል፣ ለነገ ግን ያደርሳል አለኝ። የት ድረስ ነው የሚያደርሰው ብዬ አስቀየርሁት። አዲሱ ሸራ እስኪገኝ ገበያው አለፈን፤ የልጄ ኩርፊያ ግን ቶሎ አላለፈም።