ዓለም አቀፍ ዘመኔ በሬንተን ሜዳ

እኔ ዓለም አቀፍ የክሪኬት ተጫዋች ነበርኩ። አትሳቁ። የገጠምናቸው ሰዎች ከካናዳ ድንበር ተሻግረው ነው የመጡት፤ ፓስፖርት ያስያዘ ግጥሚያ ዓለም አቀፍ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ዘመኔ አንድ ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ ነው። አንድ ፓኪስታናዊ የሥራ ባልደረባዬ የክሪኬት ቡድን ካፒቴን ነው። አንድ ቀን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ኳስ አቀበለኝና ክርኔን ሳላጥፍ እንድወረውር ነገረኝ። ማዶ ያለውን የቆሻሻ በርሜል ስመታው ሰውዬው ዓይኑ በራ። ሶ፣ በዓመቱ የቡድኑ ዋና ወርዋሪ ሆንኩ። ባለቤቴ ነጭ በነጭ ለብሼ ስወጣ ባየች ቁጥር፣ ጥምቀት ደረሰ እንዴ ትለኛለች።

ታዲያ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የሚመለምል ሰው ሬንተን ሜዳ ከካናዳዎቹ ጋር ስንጋጠም ሊያየኝ ይመጣል ተባለ። እንቅልፍ አጣሁ። አርባ ሊሞላኝ ነው፤ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ አውቃለሁ። ፈለግሁት፣ በጣም ፈለግሁት።

ጨዋታው ቀላል ነው። መቺዎቹ በሁለት ጫፍ መሀል ይሮጣሉ፤ ጫፍ በደረሱ ቁጥር አንድ ሩጫ ይቆጠርላቸዋል፤ ሳይደርሱ ጫፉ ላይ የተተከሉትን እንጨቶች በኳስ ከነካህ ሰውዬው ከጨዋታ ወጣ። መጨረሻ ላይ ካናዳዎቹ ለማሸነፍ ሁለት ሩጫ ቀራቸው፤ እኛን አንድ ሰው ማስወጣት። ወረወርኩ። መቺው ነካ አድርጎ መለሳት፣ ኳሷ መሬት ነጥራ እጄ ገባች። መቺው፣ ወደ እኔ ይሮጥ የነበረው ጢማም ሽማግሌ፣ ግን አዳለጠውና መሀል ሜዳ ላይ በግንባሩ ተደፋ። እንጨቶቹ አጠገቤ ናቸው። ነካ ማድረግ ብቻ።

«እኔን!» ብዬ ኳሷን ጣልኩና ሮጬ በብብቱ ይዤ አነሳሁት። ጉልበቱንም አራገፍኩለት። አባቴን የሚያክል ሰው ወድቆ እያየ ዝም ብሎ የሚቆም እኛ ቤት አላደገም። ሽማግሌው አመስግኖ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሮጠ። ደረሰ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። የእኛ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ፣ ኳሷ ሣር ላይ ተኝታ፣ ሁለቱም ሩጫ አለቀ።

ካፒቴኑ በኡርዱ ብዙ ተናገረ። እንዲተረጉምልኝ አልጠየቅሁም። መልማዩ ግን ወደ እኔ መጥቶ ክንዴን ካደነቀ በኋላ፣ ለአገር ስጫወትም ሰው እንዲህ ቢወድቅ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። እግዜር ያውቃል፣ ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ወጣት ከሆነ አስወጣዋለሁ» አልኩት። «ሽማግሌ ከሆነ ግን አነሳዋለሁ።»

ሳቀ። ጨበጠኝ። ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፈም፤ ኮልም አላደረገልኝም። ሳምንቱን ሙሉ አኩርፌ ተሳፋሪ እንኳ በወጉ ሳላነጋግር ነዳሁ። እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ይባስ ብሎ ወሬው ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ የሚገጥሙን ሁሉ፣ በተለይ ሽበት ያላቸው፣ ኳስ እጄ ስትገባ መውደቅ ጀመሩ። ካፒቴኑም ተስፋ ቆርጦ አሁን ሜዳው ዳር፣ ማንም በማይወድቅበት ቦታ ያቆመኛል።